የትራክተር ጎማ ሰንሰለት፤ አመራረጡና አጠላለቁ በጎሮ ዋልካ ላይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር፥ ከጎሮ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው በአጎቴ ማሳ አጠገብ፥ ስንዴ የጫነ ተጎታች የሚስብ አንድ የኪራይ ትራክተር ጭቃ ያዘው። ሾፌሩ ወደ ፊት ቢሞክር ጎማው በቦታው ይሽከረከራል፤ ወደ ኋላ ቢሞክር ተጎታቹ ይታጠፍበታል። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ያልተነሣ ስንዴም በማሳው ላይ ቀርቶ ነበር። ተጎታቹን ፈቱለት፤ ትራክተሩ ግን ብቻውንም ሊወጣ አልቻለም። በመጨረሻ ከተሰበሰቡት ሰዎች አንዱ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ጎትቶ አመጣ። ግንዱን ከሁለቱ የኋላ ጎማዎች ፊት አጋድመው ከጎማዎቹ ጋር በሰንሰለት ጠፍረው አሰሩት። ሾፌሩ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ጎማዎቹ ጥቂት ዞሩ፤ ግንዱ መሬቱን ሲነክስ ግን ቀጥ አሉ። በዚያው ቅጽበት የትራክተሩ አፍንጫ እንደ ደነበረ ፈረስ ወደ ላይ ተነሣ። ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ቶሎ ስለ ረገጠ የፊት ጎማዎቹ ተመልሰው መሬት ወደቁ፤ ሰውየውም ተረፈ።

በዚያን ጊዜ እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። በምማርበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከበረዶ አገር የመጣ አንድ የትንንሽ ትራክተሮች መምሪያ ነበረ። መጽሐፉ በበረዶ ጊዜ በጎማ ላይ ሰንሰለት ስለ ማጥለቅ በሥዕል ያስረዳል። ያን ካየሁ በኋላ ሁለት ጥያቄዎች ከአእምሮዬ አልጠፉም። አንደኛው፥ በበረዶ ላይ የሚረዳው ሰንሰለት በእኛ ጭቃ ላይ ይረዳልን? የሚለው ነው። ሁለተኛው፥ በጎማ ላይ የታሰረ ሰንሰለት ትራክተርን የሚያድን ከሆነ፥ በጎማ ላይ የታሰረ ግንድ ሰው ሊገድል የደረሰው ስለ ምንድን ነው? የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው።

የጎሮ ክረምትና ዋልካው

ጎሮ በባሌ ከሮቤ በስተምሥራቅ፥ ወደ ጊኒር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ የሚሄድ መንገደኛም ያልፍባታል። በዚህች ከተማ እንደ ባዘቶ ጥጥ የሚወርድ በረዶ አይታወቅም፤ እኛ በረዶ የምንለው ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ጠጠር ነው። ከጎባ በላይ ያለው የሳነቴ አምባ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ቱሉ ዲምቱ የተባለው ጫፍም 4,377 ሜትር ነው። በዚያ ሌሊት ውሃ ይረጋል፤ ነገር ግን በሳነቴ ላይ በትራክተር የሚታረስ ማሳ የለም። እንግዲህ የጎሮ ገበሬ ችግር በረዶ ሳይሆን ጭቃ ነው።

ችግሩን የሚያብሰው የወቅቱ አቀማመጥ ነው። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለው የበልግ እርሻ በኦሮምኛ «ገና» ይባላል (ይህ ስም ከልደት በዓል ጋር እንዳይምታታ)፤ ቀጥሎ እስከ ታኅሣሥ ያለው የመኸር እርሻ ደግሞ «ቦና» ይባላል። የመጀመሪያው ሰብል የሚታጨደውና ለሁለተኛው መሬት የሚታረሰው በሐምሌና በነሐሴ አካባቢ፥ ዝናብ ሳያባራ ነው። በሌላ አገር ገበሬ መሬቱ እስኪጠነፍፍ ሊጠብቅ ይችል ይሆናል። የእኛ ገበሬ ግን አንድ ሳምንት ቢጠብቅ በአንድ በኩል የደረሰው ስንዴ በዛላው ላይ እንዳለ ይበቅልበታል፤ በሌላ በኩል የመዝሪያው ጊዜ ያልፍበታል። ስለዚህ ትራክተርና ኮምባይነር መግባት በማይገባቸው ቀን ይገባሉ።

መሬቱም ዋልካ ነው። በአማርኛ ዋልካ ወይም መረሬ፥ በኦሮምኛ ኮቲቻ የምንለውን ጥቁር አፈር የአፈር ሊቃውንት ቨርቲሶል ይሉታል። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍን፥ ከዚህም ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ያህሉ በደጋ እንደሚገኝ ተገምቷል። ይህ አፈር እጅግ በደቀቀ ሸክላ የተሞላ ስለሆነ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ስንጥቁ ይዘጋል፤ ውሃም ወደ ታች አያሳልፍም። በሁለት ቀን ዝናብ ከጫማ ጋር ተጣብቆ የሚነሣው ይህ ነው።

ጎማ መሬትን የሚይዘው እንዴት ነው?

ሻርል ኦጉስተን ኩሎም የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1773 እ.ኤ.አ. ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጥናት አፈር እንዳይሸራተት የሚያደርገውን ኀይል በሁለት ከፍሎ አስረድቷል። አንደኛው ሰበቃ ነው፤ ይኸውም የአፈሩ ቅንጣቶች እርስ በርስ ሲፋተጉ የሚገኝ ኀይል ሲሆን ከላይ የሚጫነው ክብደት በጨመረ ቍጥር ይጨምራል። ሁለተኛው የአፈሩ የእርስ በርስ መያያዝ ነው፤ ይህ በክብደት አይጨምርም፤ የሚጨምረው የተያዘው የመሬት ስፋት ሲጨምር ነው።

በአሸዋ ውስጥ ያለው ኀይል ሰበቃ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። ውሃ በጠገበ ሸክላ ውስጥ ግን ሰበቃው ከምንም የማይቈጠር ይሆናል፤ የሚቀረው መያያዙ ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ለሾፌር ታላቅ ትምህርት አለው። በደረቅ መሬት ላይ ጎማ የሚንሸራተት እንደሆነ በኋላ ጎማ ውስጥ ውሃ መሙላት ወይም የብረት ክብደት ማንጠልጠል ይጠቅማል። በረጠበ ዋልካ ላይ ግን የተጨመረው ክብደት ትራክተሩን ይበልጥ ያሰምጠዋል እንጂ የመያዝ ኀይል አይሰጠውም። በዚያ የሚጠቅመው ስፋት ነው፤ አለዚያም ከጭቃው በታች ያለውን ጠንካራ መሬት ማግኘት ነው።

የሰንሰለት ጥቅም ከዚህ ላይ ይታያል። የሰንሰለቱ ዘለላዎች ጠባብ ስለሆኑ የትራክተሩን ክብደት በጥቂት ቦታ ይሰበስባሉ። በበረዶ አገር የላላውን በረዶ ቀድደው ከሥሩ ያለውን የተጠቀጠቀ በረዶ ወይም መሬት ይነክሳሉ። በጎሮም በመንገድ ላይ ወይም በማሳ ድንበር ላይ ስስ ጭቃ በጠንካራ መሬት ላይ ሲያርፍ እንዲሁ ያደርጋሉ። ነገር ግን ጭቃው ጥልቅ ከሆነና ከሥሩ የሚነከስ ነገር ከሌለ ሰንሰለቱ መቆፈሪያ ይሆናል፤ ጎማው በዞረ ቍጥር ጉድጓዱን ያጠልቃል።

ስለዚህ ሰንሰለት ከማጥለቅ በፊት መሬቱን መፈተን ያስፈልጋል። ፈተናውም ቀላል ነው፤ አንድ ቀጥ ያለ በትር በእጅ ኀይል ወደ ጭቃው መውጋት፥ የቆመበትንም ጥልቀት መለካት ነው። ጥልቀቱ ከጎማው ጥርስ ቁመትና ከሰንሰለቱ ውፍረት ድምር ያነሰ እንደሆነ ሰንሰለቱ ጠንካራውን መሬት ያገኘዋል። ከዚያ የበለጠ እንደሆነ ግን ከሰንሰለት ብዙ ተስፋ ማድረግ አይገባም።

የሰንሰለቱ አመጣጥና አመራረጥ

የቀድሞ ትራክተሮች መንኰራኵር ጥርስ የበቀለበት ብረት ነበር። አሊስ ቻልመርስ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1932 እ.ኤ.አ. አየር የሚሞላ ጎማ ለትራክተር ካቀረበ በኋላ ጎማው ብረቱን እየተካ መጣ። የጎማ ሰንሰለት ግን ከዚህ ይቀድማል፤ በኒው ዮርክ የሚኖር ሃሪ ዊድ የተባለ ሰው ለመኪና ጎማ የሚሆን ሰንሰለት ሠርቶ በ1904 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ዛሬም የሚሠራው በመሠረቱ ያው ነው፤ ሁለት ረጃጅም የጎን ሰንሰለቶች በጎማው ግራና ቀኝ ይዞራሉ፤ በመካከላቸው አጫጭር አግዳሚ ሰንሰለቶች እንደ መሰላል ደረጃ ይዘረጋሉ።

ሰንሰለት ሲመረጥ አራት ነገሮች ይታያሉ።

1ኛ፤ የጎማው ቍጥር ነው። በጎማው ጎን 16.9-30 ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ የመጀመሪያው ቍጥር የጎማውን ወርድ፥ ሁለተኛው የቸርኬውን ስፋት በኢንች ያመለክታል። ይኸውም ወርዱ 43 ሳንቲ ሜትር፥ ቸርኬው 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው። ሰንሰለቱ ለዚሁ ቍጥር የተሠራ መሆን አለበት። በእጅ ሲለካ ልክ የመሰለ ሁሉ ልክ አይደለም፤ ያረጀ ጎማ ከአዲሱ ያንሳልና።

2ኛ፤ የአግዳሚዎቹ አቀማመጥ ነው። የእርሻ ትራክተር ጎማ ረጃጅም ጥርሶች ስላሉት አግዳሚዎቹ የተራራቁ እንደሆነ በጥርሶቹ መካከል ገብተው ይቀበራሉ፤ ሰንሰለቱም እንዳልታሰረ ይሆናል። ስለዚህ ለእርሻ ጎማ በየሁለት ዘለላው አግዳሚ ያለው ሰንሰለት በየአራት ዘለላው ካለው ይሻላል። ከዚህም የሚበልጠው አግዳሚዎቹ በመካከል እርስ በርስ የተያያዙበት እንደ መረብ የሆነው ዓይነት ነው፤ ይህ በጥርሶቹ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ትራክተሩም ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይረዳል። ጥርሱ አጭር ለሆነ ጎማ ግን ተራው መሰላል ይበቃል።

3ኛ፤ ብረቱ ነው። ጥሩ የጎማ ሰንሰለት ላዩ በእሳት የጠነከረ ብረት ነው። ከብት የሚታሰርበት ወይም በር የሚቆለፍበት ሰንሰለት ለስላሳ ስለሆነ በጥቂት ቀን ያልቃል፤ ሲበጠስም እየተወነጨፈ ፓራፋንጎውን፥ አልፎም ሾፌሩን ሊመታ ይችላል። በሚስማርና በሽቦ የተጠገነ ሰንሰለትም እንዲሁ አደገኛ ነው።

4ኛ፤ በጎማውና በትራክተሩ አካል መካከል ያለው ክፍተት ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ነው። ጎማው ከፓራፋንጎው፥ ከማንሻው ክንዶች፥ ከመርገጫው ደረጃና ከፍሬን ቧንቧ ምን ያህል እንደሚርቅ በየቦታው መለካት ያስፈልጋል። ሰንሰለት ሲዞር ጥቂት ስለሚረግብ ቢያንስ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት መኖሩ መልካም ነው። ክፍተቱ ከዚህ ያነሰ እንደሆነ ሰንሰለቱን ከመግዛት በፊት የጎማውን አራርቆሽ በመካኒክ ማስፋት ይሻላል።

አጠላለቁ

ሰንሰለት የሚጠለቀው ጭቃ ውስጥ ከመግባት በፊት በደረቅና በደልዳላ መሬት ላይ ነው። ከተያዙ በኋላ በጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ለማጥለቅ መሞከር ሥራውንም አደጋውንም ያበዛዋል። ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሞተሩን ማጥፋት፥ የእጅ ፍሬን መያዝ፥ ለፊት ጎማዎች ድንጋይ ማስደገፍ ይገባል። ቀጥሎ ሰንሰለቱን በመሬት ላይ ዘርግቶ የተጠማዘዘውን መፍታት ነው። የአግዳሚዎቹ መንጠቆ አፍ ወደ ውጭ እንጂ ወደ ጎማው መዞር የለበትም፤ ያለዚያ የጎማውን ጎን ይፍቃል። ከዚያ ሁለት ሰዎች ሰንሰለቱን አንሥተው በጎማው ላይ ያለብሱታል፤ አግዳሚዎቹ ቀጥ ብለው መውረዳቸውን አይተው አንዱን ጫፍ ከጎማው ሥር ያስገባሉ። ረዳቱ ርቆ ከቆመ በኋላ ሾፌሩ ትራክተሩን ሁለቱ ጫፎች እስኪገናኙ ድረስ በዝግታ ወደ ፊት ያስኬዳል። ትራክተሩ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ማንም ሰው እጁን በሰንሰለቱ ላይ ማድረግ የለበትም።

ሞተሩ እንደገና ከጠፋና ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ መጀመሪያ የውስጠኛው፥ ቀጥሎ የውጭው የጎን ሰንሰለት ይቆለፋል። በሁለቱም በኩል የሚተርፈው ዘለላ ቍጥሩ እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ ሰንሰለቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። የተረፈው ጫፍ እንዳይወነጨፍ በሽቦ ይታሰራል። ጎማውን አስተንፍሶ ሰንሰለቱን ካጠለቁ በኋላ እንደገና መንፋት አንዳንዶች የሚያደርጉት ነገር ነው፤ ይህ ግን ጎማውንም ሰንሰለቱንም ያስጨንቃል። ልኩ የሚገኘው በማጥበቂያ ነው። ሰንሰለቱ በእጅ ሲሳብ የማይንጠለጠል፥ ነገር ግን ጎማው ሲዞር በጥቂቱ ቦታውን የሚለውጥ መሆን ይገባዋል፤ እንዲህ ሲሆን ጎማውን በአንድ ስፍራ ብቻ አይበላውም።

መቶ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ ቆሞ እንደገና ማጥበቅ ግዴታ ነው፤ አዲስ የተጠለቀ ሰንሰለት ሁልጊዜ ይላላልና። ሰንሰለት በሁለቱም የኋላ ጎማዎች ላይ መሆን አለበት። በአንዱ ብቻ የሆነ እንደሆነ ዲፈረንሻሉ ዙሩን ባዶ ወደ ሆነው ጎማ ስለሚልከው ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ሲነዱ በዝግታ መሄድ፥ አስፋልት ወይም ኮረት ላይ ሲደርሱ ማውለቅ ያስፈልጋል። ሥራው ሲያልቅም ሰንሰለቱን አጥቦ ዘይት ቀብቶ ማስቀመጥ ዕድሜውን ያረዝመዋል።

መጥቀም አለመጥቀሙን በመለካት ማወቅ

ሰንሰለት ጠቀመ ወይስ አልጠቀመም ለማለት የሾፌሩ ግምት አይበቃም። በጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ትራክተሩ ያለ ጭነት በደረቅ መሬት ላይ ጎማው አሥር ጊዜ ሲዞር የሄደውን ርቀት መለካት፥ ከዚያም በሥራ ላይ ሳለ በጭቃው አሥር ጊዜ ሲዞር የሄደውን መለካት ነው። ለምሳሌ ያህል በደረቁ 46 ሜትር፥ በጭቃው 34.5 ሜትር ሄደ እንበል። የጠፋው 11.5 ሜትር ስለሆነ መንሸራተቱ ከመቶ 25 ነው። በሰንሰለት 39.1 ሜትር የሄደ እንደሆነ መንሸራተቱ ወደ 15 ዝቅ ብሏል ማለት ነው። በሚንሸራተት ጎማ ላይ የሚቃጠል ናፍታ ሁሉ የገበሬው ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ይህን ልኬት ባልንጀሮቼ ተማሪዎች በየወረዳቸው ቢሞክሩት ጠቃሚ ውጤት የሚገኝ ይመስለኛል።

ግንዱ ስለ ምን አደገኛ ሆነ?

አሁን ወደ መጀመሪያው ታሪክ እንመለስ። ሞተሩ የኋላውን አክስል ለማዞር ሲገፋ አክስሉም የትራክተሩን አካል በተቃራኒው በኩል ይገፋል። ጎማው መዞር እስከ ቻለ ድረስ ይህ አይታይም። ጎማው ጨርሶ እንዳይዞር የታገደ እንደሆነ ግን ሞተሩ ከሁለቱ የሚቀለውን ያነሣል፤ የሚቀለውም የትራክተሩ የፊት አካል ነው። በመጀመሪያ ማርሽ ላይ ያለ ጕልበት ይህን ለማድረግ ከበቂ በላይ ነው።

ሰንሰለትና ግንድ የሚለያዩት በዚህ ነው። ሰንሰለቱ መሬቱን ይነክሳል፤ መያዝ ሲያቅተው ግን ይንሸራተታል፤ ጎማውን አያስቆመውም። ግንዱ ግን ከጎማው ሥር ገብቶ ይሸነቆራል፤ ጎማውንም ይቆልፈዋል። ግንዱ ባይቆለፍና ዞሮ ቢወጣ እንኳ ከኋላ ተነሥቶ ፓራፋንጎውንና ሾፌሩን ይመታል። ወደ ኋላ የሚገለበጥ ትራክተር ሊመለስ ከማይችልበት ደረጃ የሚደርሰው ከአንድ ሰኮንድ ባነሰ ጊዜ፥ ገደማውም በሦስት ሩብ ሰኮንድ ውስጥ እንደሆነ የደኅንነት መምሪያዎች ያስረዳሉ። ብዙ ሰው አይቶና አስቦ እግሩን ወደ ፍሪሲዮን ለማድረስ ይህ ጊዜ አይበቃውም። በጎሮ ያየሁት ሾፌር የተረፈው እግሩ ከፍሪሲዮኑ ገና ስላልራቀ ነው።

ስለዚህ ነገር ስዊድን በ1959 እ.ኤ.አ. በአዲስ ትራክተሮች ሁሉ ላይ ሾፌሩን ከመጨፍለቅ የሚያድን የብረት ቋሚ እንዲኖር በሕግ አዝዛለች፤ ሌሎች አገሮችም ተከትለዋታል። ይህ ቋሚ የሚያድነው ግን ከወንበር ቀበቶ ጋር ነው።

ሰንሰለት የማይሆንበት ጊዜ

በትሩ ጥልቅ ጭቃ ያሳየ እንደሆነ የሚሻለው ሌላ ነው። ጎማው ሠሪው ከፈቀደው ሳያልፉ አየሩን መቀነስ፥ ወይም ድርብ ጎማ ማድረግ የያዘውን ስፋት ይጨምራል። በሩዝ አገሮች በጎማው ጎን የሚታሰር እንደ ቅርጫት ያለ የብረት መንኰራኵር ለዚሁ ያገለግላል። አንድ ጊዜ የተያዘ ትራክተር ጭቃውን በአካፋ ጠርጎ ወደ ኋላ ማውጣት ይሻላል፤ ወደ ኋላ ሲነዳ የአክስሉ ግፊት አፍንጫውን ወደ መሬት ይጫነዋልና። በሌላ ትራክተር የሚሳብ እንደሆነ ደግሞ የሚስበው ትራክተር ገመዱን ማሰር ያለበት ከታችኛው መሳቢያ ላይ ነው፤ ከአክስሉ በላይ የታሰረ ገመድ የሚስበውን ራሱን ይገለብጠዋል። ሰዎችም ከገመዱ መራቅ አለባቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት ግን ውሃውን ከማሳው ማውጣት ነው። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ በዋልካ ላይ በተደረገው ጥናት በበሬ የሚሳብ ሰፊ መደብና ቦይ ማውጫ መሣሪያ ተሠርቶ ለገበሬዎች ቀርቧል። ቦይ ያለው ማሳ ቶሎ ይጠነፍፋል፤ ቶሎ የጠነፈፈ ማሳም ትራክተርን ይሸከማል።

በአጭሩ ሰንሰለት ስስ ጭቃን ያሸንፋል፤ ጥልቅ ዋልካን ግን አያሸንፍም፤ በግንድም አይተካም። ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ የግብርናና የምሕንድስና ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲሄዱ ለትራክተር ሾፌሮች አንድ ነገር ብቻ ቢነግሩልኝ፥ ይኸውም ግንድ ከጎማ ጋር እንዳያስሩ ቢነግሩልኝ ድካሜን እንደ ተከፈለ እቈጥረዋለሁ። በጽሑፉ የጎደለ ወይም የተሳሳተ ነገር ያገኙ መምህራንና ጓደኞቼም እንዲያርሙኝ በትሕትና እለምናለሁ።